ትምህርት ዐሥራ አራት፦ ለማይታይ ገዥ መጻፍ

ባለፈው ትምህርት ስለ ገላጭ ድርሰት ስንነጋገር፣ ጸሓፊ የሚገልጸውን ነገር አንባቢው በዐይነ ኅሊናው እንዲያየው አድርጎ ማቅረብ እንደሚገባው ተመልክተናል። በዚህ ትምህርት ደግሞ ይኸው ችሎታ፣ ከግሥ ዕውቀት ጋር ተባብሮ፣ የሰውን ገንዘብና ንብረት እንዴት እንደሚጠብቅ እንመለከታለን። ጉዳያችን ዋጋው ከፍ ያለ፣ ያገለገለ ዕቃ በኢንተርኔት አማካይነት በሌላ አገር ለሚኖር ሰው መሸጥ ነው።

ገበያው በአካል የሚገናኙበት ሲሆን ቃል ብዙ ሥራ የለበትም። መርካቶ ሄዶ ያገለገለ ራዲዮ የሚገዛ ሰው ዕቃውን አንሥቶ ያገላብጠዋል፤ ከፍቶ ያዳምጠዋል፤ ሻጩም ገንዘቡን ቈጥሮ በእጁ ከጨበጠ በኋላ ዕቃውን ይለቃል። ስለዚህ ሻጩ «እንደ አዲስ ነው» ብሎ ጥቂት ቢያጋንን ገዥው በጆሮውና በዐይኑ ያርመዋል። ገዥው ባሕር ማዶ ሲሆን ግን እርሱ ዕቃውን አይዳስስም፤ ሻጩም የገዥውን ፊት አያይም። በሁለቱ መካከል ያለው ጥቂት ፎቶግራፍና ጽሑፍ ብቻ ነው። ጽሑፉ ከላላ ወይም ገዥው ዕቃውን ይጠላዋል፣ ወይም ሻጩ ዕቃውንም ገንዘቡንም ያጣል።

ለምሳሌ የሚሆነንን አንድ ዕቃ እንምረጥ። በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ላይካ ኤም 3 የተባለ የፎቶግራፍ ካሜራ አለው እንበል። ይህ ዓይነት ካሜራ በጀርመን አገር በቬትስላር ከተማ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። በፊልም ይሠራል፤ ባትሪ አያስፈልገውም፤ ዕድሜው ይህን ያህል የገፋ ቢሆንም ፈላጊው አልጠፋም፤ በደኅና ሁኔታ የሚገኘው ከነሌንሱ ከ1,000 ዶላር በላይ ያወጣል። ገዥው በበርሊን ከተማ ይኖራል።

ሀ. መግለጫው

ከዚህ በታች ያሉትን ሁለት መግለጫዎች በጥሞና አንብቡ።

«በጣም የሚያምር፣ ንጹሕና በደንብ የሚሠራ ካሜራ። ብዙም አልተነካም። የሚቈጭበት አይኖርም።»

«ላይካ ኤም 3 ካሜራ። መለያ ቊጥሩ በአናቱ ላይ ተቀርጿል፤ በሦስተኛው ፎቶግራፍ ላይ ይነበባል። በታችኛው ክዳን ላይ የጥፍር ርዝመት ያለው ጭረት አለ። መዝጊያው በፈጣኖቹ ቊጥሮች ላይ ሲደረግ ሳይያዝ ይከፈታል፤ በአንድ ሰከንድ ላይ ሲደረግ ግን ይዘገያል። ሌንሱ በመብራት ፊት ሲታይ በጠርዙ ላይ ስስ ጉም አለው። ባለፈው ወር አንድ ጥቅል ፊልም አንሥቼበታለሁ፤ ከፎቶግራፎቹ አራቱ ከዚህ ጋር ተያይዘዋል።»

የመጀመሪያው መግለጫ በቅጽልና በተውሳከ ግሥ የተሞላ ነው። «የሚያምር» ሲል ለማን? «በደንብ» ሲል በምን መለኪያ? እነዚህ ቃላት የጸሓፊውን ስሜት እንጂ የዕቃውን ሁኔታ አይናገሩም። ሁለተኛው መግለጫ ግን ሊመረመር የሚችል ነገር ብቻ ይዟል፤ ጭረቱ ይታያል፣ ቊጥሩ ይነበባል፣ መዝጊያው ይሰማል። አሮጌ ካሜራ በዘገምተኛው ፍጥነት ላይ ማመንታቱ ቅባቱ በዕድሜ ብዛት ስለሚደርቅ የሚደርስ የተለመደ ነገር ነውና አዋቂ ገዥ አይደነግጥበትም። የሚደነግጠው ሳይነገረው ቀርቶ በእጁ ሲገባ ነው።

ይህ የሥነ ጽሑፍ ጣዕም ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፔይፓል በተባለው የክፍያ ድርጅት ደንብ፣ ገዥ ከከፈለበት ቀን ጀምሮ እስከ 180 ቀን ድረስ ክርክር ሊያነሣ ይችላል። ድርጅቱ ለሻጭ የሚሰጠው ጥበቃ «ዕቃው አልደረሰኝም» ለሚል ክስና ባለቤቱ ሳይፈቅድ ለተፈጸመ ክፍያ ነው፤ «ዕቃው እንደ ተገለጸው ሆኖ አላገኘሁትም» የሚለውን ክስ አይሸፍንም። እንግዲህ በዚህ በሁለተኛው ክስ ጊዜ ሻጩ የሚያቀርበው ምስክር ራሱ የጻፈው መግለጫ ነው። «በደንብ የሚሠራ» ብሎ ከጻፈ ገና ከመነሻው ተረትቷል። የመለያ ቊጥሩም ነገር እንዲሁ ነው፤ ዕቃ መልሶ የሚልክ ሰው ሌላ የተሰበረ ካሜራ አሽጎ ቢልክ፣ በመግለጫው ላይ የተጻፈውና በፎቶግራፍ የተያዘው ቊጥር ልዩነቱን ያሳያል።

«ጉድለቱን ከጻፍሁ ማን ይገዛኛል?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ዛሬ ኢቤይ የሚባለው የኢንተርኔት ገበያ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲከፈት፣ መሥራቹ ፒየር ኦሚድያር ለሙከራ ለጨረታ ያቀረበው ዕቃ የተሰበረ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር። መሰበሩ በመግለጫው ላይ ተጽፏል። በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም በተሸጠ ጊዜ ኦሚድያር ነገሩ አስገርሞት «የተሰበረ መሆኑን ተረድተሃል?» ብሎ ገዥውን ጠየቀው፤ ገዥውም የተሰበሩ የሌዘር መጠቆሚያዎች የሚሰበስብ ሰው መሆኑን ነገረው። ሁሉ ሰው እንዲህ ያለ ገዥ ያገኛል ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ጉድለቱ የተነገረው ዕቃ ገዥ ያጣል የሚለው ሥጋት ከሚገባው በላይ ተጋንኗል።

ለ. የገዥው መልእክትና ማሰሪያ አንቀጾቹ

የትምህርታችን ዋና ክፍል ይህ ነው። የሚከተለውን መልእክት ለትምህርቱ እንዲያመች እኛ ያዘጋጀነው ሲሆን፣ አጭበርባሪዎች በልዩ ልዩ ቋንቋ ከሚልኩት ጋር በአካሄዱ አንድ ነው።

«ክቡር ሆይ፤ ካሜራዎን እጅግ ወድጄዋለሁ። ገንዘቡ ተከፍሏል፤ ሆኖም የመላኪያ ቊጥሩ እስኪመዘገብ ድረስ በክፍያ ድርጅቱ ተይዟል። ቊጥሩ እንደ ተመዘገበ ወደ ሒሳብዎ ይገባል። ካሜራው በዛሬው ዕለት፣ ከዚህ በታች በተጻፈው በአጎቴ ልጅ አድራሻ ይላክ።»

በመልእክቱ ውስጥ አምስት ማሰሪያ አንቀጾች አሉ። ከአምስቱ መካከል ጸሓፊው ራሱ አድራጊ ሆኖ የቆመበት «ወድጄዋለሁ» የሚለው ብቻ ነው፤ መውደድ ደግሞ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። «ተከፍሏል» የሚለው ተደራጊ ግሥ ነው። ተደራጊ ግሥ አድራጊውን ሊሰውር ይችላል፤ ማን ከፈለ? ለማን ተከፈለ? ገንዘቡ አሁን የት ነው? «ተይዟል» የሚለውም ተደራጊ ነው፤ እዚህ ላይ አድራጊው «በክፍያ ድርጅቱ» ተብሎ ተጠቅሷል፤ ነገር ግን ድርጅቱ ራሱ አልተናገረም፤ ገዥው ስለ እርሱ ተናገረለት እንጂ። «ይገባል» ትንቢት ነው፤ ገና አልሆነም። በመጨረሻም «ይላክ» የሚል የትእዛዝ አንቀጽ ይመጣል፤ ቀን የተቈረጠለትም እርሱ ብቻ ነው። ይህን ስትደምሩት ሻጩ የሚያደርገው ዛሬ ነው፤ ገዥው የሚያደርገው ወደፊት ነው፤ በመካከሉ ያለውን ነገር ማንም አላደረገውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። እውነተኛ የክፍያ ድርጅት አንዳንድ ጊዜ በእርግጥ ገንዘብ ይዞ ያቆያል፤ ፔይፓል በተለይ አዲስ የሆነ ሻጭን ገንዘብ እስከ 21 ቀን ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ «ተይዟል» የሚለው ቃል ብቻውን የሐሰት ማስረጃ አይሆንም። ልዩነቱ የሚታወቀው ባለቤቱን በመጠየቅ ነው። ሻጩ በኢሜይሉ ውስጥ የተሰጠውን ማስፈንጠሪያ ሳይነካ፣ የድርጅቱን አድራሻ በራሱ እጅ ጽፎ ወደ ሒሳቡ ይግባ። እውነት ተከፍሎ የተያዘ ገንዘብ በሒሳቡ ውስጥ እንደ ተያዘ ሆኖ ይታያል። በሒሳቡ ውስጥ ከሌለ፣ በኢሜይሉ ላይ ምንም ዓይነት ማኅተምና ምልክት ቢኖር፣ ገንዘቡ የለም።

«ገብቷል» የሚለው ቃል እንኳ ሁለት ትርጒም እንዳለው ልብ በሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ሕግ ባንኮች ደንበኛ ያስገባውን ቼክ ገንዘብ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዲያወጣ እንዲፈቅዱለት ያስገድዳል። ነገር ግን ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ባንኩ ገንዘቡን የሚመልሰው ቼኩን ካስገባው ሰው ሒሳብ ላይ ነው። አጭበርባሪ የሚኖረው በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ነው። ካሜራው 1,500 ዶላር ቢሆን የ2,000 ዶላር ቼክ ይልክና «በስሕተት በልጧል፤ ትርፉን ዕቃውን ለሚወስደው አጓጓዥ በሐዋላ ይላኩለት» ይላል። ሻጩ ሒሳቡን ቢያይ 2,000 ዶላሩ ገብቷል፤ 500ውን ይልካል፤ ካሜራውንም ለአጓጓዡ ያስረክባል። ቼኩ ሲመለስ ካሜራውም፣ የላከው 500 ዶላርም የሉም፤ ከባንኩ ጋር ደግሞ የ2,000 ዶላር ጉዳይ ይጠብቀዋል። «ገብቷል» እና «ተጣርቷል» ሁለት የተለያዩ ግሦች መሆናቸውን ያላስተዋለ ሰው እንዲህ ይከስራል። ከተከፈለው ላይ መልስ ለሌላ ሦስተኛ ሰው እንዲላክ የሚጠይቅ ገዥ፣ ምክንያቱ ምንም ያህል ቢያሳዝን፣ አነጋገሩ እዚያው ላይ መቆም ይገባዋል።

ሐ. አላላክ

ስለ አሸጋገጉ ብዙ አንልም፤ ሌንሱ ከአካሉ ተለይቶ ለየብቻው ቢጠቀለል ይበቃል። አድራሻው ግን የሰዋስው ያህል ጥንቃቄ ይፈልጋል። በፔይፓል ደንብ ሻጭ ጥበቃ የሚያገኘው፣ ዕቃውን በክፍያው ገጽ ላይ በሰፈረው አድራሻ የላከ እንደ ሆነ ነው፤ ክፍያው 750 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነም ተቀባዩ የፈረመበት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ከላይ ባየነው መልእክት «የአጎቴ ልጅ አድራሻ» የተባለው እንግዲህ ጥበቃውን የሚያፈርስ ነው።

በፖስታ የሚላክ ዕቃ የመከታተያ ቊጥር ዐሥራ ሦስት ምልክቶች አሉት፤ ሁለት የላቲን ፊደሎች፣ ዘጠኝ አኃዞች፣ እንደ ገና ሁለት ፊደሎች። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የላኪውን አገር ያመለክታሉ። ይህን ሥርዐት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1874 በበርን የተመሠረተው፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ አባል የሆነችበት የዓለም ፖስታ ኅብረት ነው።

ዕቃው ድንበር ሲሻገር የጉምሩክ መግለጫ ይሞላል፤ ይህም ራሱ አጭር ገላጭ ድርሰት ነው፤ ምንነቱ፣ ክብደቱ፣ ዋጋው። በጀርመን ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ በተለመደው መጠን 19 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ስለሚከፈል፣ አንዳንድ ገዥ «ስጦታ ነው ይበሉ፤ ዋጋውንም 50 ዶላር ብለው ይጻፉልኝ» ይላል። ገዥው አጭበርባሪ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ታክስ የሸሸ ተራ ሰው ነው። ነገር ግን በቅጹ ሥር የሚፈርመው ሻጩ ነው፤ ሐሰተኛ ቃል የሰጠውም እርሱ ይሆናል። ዕቃው በመንገድ ቢጠፋም በ50 ዶላር የተመዘገበን ካሜራ በ1,500 ዶላር ካሱኝ ማለት አይሆንለትም። ጨዋ መልስ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ክቡር ሆይ፤ በጉምሩክ ቅጹ ላይ የምጽፈው እርስዎ የከፈሉትን ዋጋ ነው። ታክሱ በገዥው በኩል እንደሚከፈል በመግለጫው ላይ አስቀድሜ ጽፌአለሁ። ይህ ካልተስማማዎ ሽያጩን በፈቃድዎ እናፍርሰው።» በዚህ መልስ ውስጥ ጸሓፊው የሚያደርገውንና ያደረገውን የሚናገርባቸው ግሦች አድራጊ መሆናቸውን አስተውሉ።

መልመጃ

1. የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች ማሰሪያ አንቀጽ ለዩ፤ አድራጊ ወይም ተደራጊ፣ ኀላፊ ወይም ትንቢት መሆኑን ጻፉ፤ ከዚያም ሻጩ ዕቃውን ከመላኩ በፊት ማንን ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት አመልክቱ።
ሀ) ክፍያው በባንኩ ጸድቋል።
ለ) ሐዋላውን ትናንት ከበርሊን ልኬአለሁ፤ ነገ ይደርሳል።
ሐ) ትርፉ ገንዘብ ለአጓጓዡ ይሰጥ።

2. በቤታችሁ ካለ ያገለገለ ዕቃ አንዱን ምረጡ፤ የልብስ ስፌት መኪና፣ የእጅ ሰዓት ወይም ክራር ሊሆን ይችላል። ዕቃውን ዐይቶት ለማያውቅ ሰው ከ80 በማይበልጡ ቃላት ግለጹት። «ጥሩ»፣ «ቆንጆ»፣ «በደንብ» እና «በጣም» የሚሉትን ቃላት አትጠቀሙ፤ ቢያንስ ሁለት ጉድለቶችን ጥቀሱ።

3. የጻፋችሁትን መግለጫ ከጎናችሁ ላለ ተማሪ ስጡ። እርሱም ዕቃውን ከመግለጫው ብቻ ተነሥቶ በእርሳስ ይሣል። ሥዕሉ ከዕቃው ጋር ያልተስማማበትን ቦታ ፈልጋችሁ መግለጫውን እንደ ገና ጻፉ።