ሞተሩ ሲግል ባትሪው ለምን ይሰንፋል?

መተማ ዮሐንስ በምዕራብ ጎንደር ቆላ የምትገኝ የድንበር ከተማ ናት። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉ በዚያ እንግዳ ነገር አይደለም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት እስኪነሣ ድረስ፣ ከካይሮ ወደ ኬፕታውን በሞተር ብስክሌት የሚጓዙ መንገደኞች ከገላባት ተሻግረው በዚህ ኬላ ይገቡ ነበር። እንዲህ ያለው መንገደኛ ኬላው ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ፓስፖርቱን አስመትቶ ይመለሳል እንበል። ማስነሻውን ሲጫን የሚሰማው «ጠቅጠቅጠቅ» የሚል ድምፅ ብቻ ነው። ጠዋት ያለ ችግር የተነሣው ሞተር አሁን ምን ነካው?

የቆመ ሞተር ወዲያው አይቀዘቅዝም። የጉዞው ነፋስ ስለሚቋረጥ በብረቱ ውስጥ የታመቀው ሙቀት ወደ ሞተሪኖው ይሰርጋል። የመዳብ ሬዚስታንስ በየዲግሪው ወደ 0.39 ከመቶ ይጨምራል፤ ሞተሪኖው ከ25 ወደ 105 ዲግሪ ቢግል ጭማሪው 31 ከመቶ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ሞተሪኖው ያንኑ ጉልበት ለመስጠት የተሻለ ቮልቴጅ ይሻል፤ ጠዋት ተሸፍኖ የነበረው የባትሪው ድካም ያን ጊዜ ይገለጣል። (በደብረ ብርሃን ብርድ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ እዚያ ዘይቱ ይወፍራል፣ የባትሪው ኬሚስትሪም ይዘገያል።)

ድምፁስ ከየት ይመጣል? ሪሌው ማግኔት የሚሆነው ከዚያው ባትሪ በሚያገኘው ኮረንቲ ነው። ሪሌው ሲገጥም ሞተሪኖው ብዙ ኮረንቲ ይስባል፤ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ማግኔቱ ይላላና ሪሌው ይለቃል። ጭነቱ ሲነሣ ቮልቴጁ ይመለሳል፤ ሪሌውም እንደገና ይገጥማል። ተደጋጋሚው «ጠቅታ» ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ «ጠቅ» ብሎ መብራቱ ካልደበዘዘ ግን ኮረንቲ ወደ ሞተሪኖው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሪሌውን ወይም የሞተሪኖውን ካርቦን እንጠርጥር።

አሁን በቁጥር እንመልከተው። ባትሪው 12.6 ቮልት ቢኖረውና ሞተሪኖው 80 አምፒር ቢስብ፣ የባትሪው የውስጥ ሬዚስታንስ 0.02 ኦም ከሆነ የሚባክነው 1.6 ቮልት ነው፤ 11 ቮልት ይተርፋል። ባትሪው አርጅቶ ሬዚስታንሱ 0.06 ኦም ቢደርስ ግን በዚያው ኮረንቲ 4.8 ቮልት ይባክናል፤ የሚተርፈው 7.8 ብቻ ነው። ያለ ጭነት ሲለኩ ግን ሁለቱም 12.6 ያሳያሉ! ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ መለካት ያለብን ማስነሻው ተጭኖ ሳለ ነው። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በባትሪው ሁለት ዋልታዎች ላይ እናድርግ፤ ንባቡ ከ9.5 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ሙሉ አልሆነም፤ አስሞልተን እንደገና እንለካ። ካልወረደ አንዱን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በሞተሪኖው መግቢያ ላይ እናድርግ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ጥፋቱ መንገድ ላይ ነው፦ የላላ ብሎን፣ የዛገ ጫፍ ወይም የተቃጠለ ሪሌ። በባትሪው ኔጌቲቭና በሞተሩ አካል መካከልም እንዲሁ ይለካል። አንድ ብሎን ማጥበቅ የሚበቃውን ችግር በአዲስ ባትሪ ለመፍታት መሞከር ገንዘብ መበተን ነው።

በቆላ ባትሪን ቶሎ የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ረኃብ ሳይሆን ጥጋብ ነው። የእርሳስና አሲድ ባትሪ ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ያህል እንደሚያጥር በተለምዶ ይታሰባል። በ25 ዲግሪ 14.4 ቮልት የሚስማማው ባትሪ በ45 ዲግሪ ከ13.9 ቮልት ገደማ በላይ ሊሰጠው አይገባም። ብዙዎቹ የሞተር ብስክሌት ሬጉሌተሮች ግን ይህን ልዩነት አያውቁም። ትርፉ ኃይል ውሃውን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይሰነጥቀዋል፤ የእርሳሱ ሰሌዳዎችም ይራቆታሉ። ክዳኑ በሚከፈት ባትሪ ላይ የሚጨመረው ዲስቲልድ ውሃ እንጂ አሲድ ወይም የጉድጓድ ውሃ አይደለም። የታሸገው ባትሪ ግን መጨመሪያ የለውም፤ ሞተሩ እየሠራ ከ14.8 ቮልት በላይ የሚለካ ከሆነ አዲስ ባትሪ ከመግጠም በፊት ሬጉሌተሩን ማስመርመር ይቀድማል።