በጠባብ ቦታ ላይ የአዲስ ቤት አቀማመጥ፦ ከባሌ ደጋ የመንደር ምሥረታ የተገኘ ትምህርት

በሮቤና በጎባ ዙሪያ የሚኖረው የባሌ ደጋ ገበሬ ቀድሞ ተራርቆ የሚሰፍር ነበር። ቤቱ በእርሻውና በግጦሹ አጠገብ ይቆማል፤ ከብቱ በደጁ ያድራል፤ ጭሱም ፍጉም ጎረቤት ሳይደርሱ በሜዳው ላይ ይቀራሉ። ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. ከተካሄደው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት በኋላ ግን በክፍለ ሀገሩ ብዙ ቤተሰቦች ወደ መንደር ተሰበሰቡ። በ1978 ዓ.ም. በአገሪቱ የተስፋፋው የመንደር ምሥረታም ለአንድ ቤተሰብ ለቤትና ለጓሮ የሚሰጠውን ቦታ 1,000 ካሬ ሜትር ያህል አደረገው። ከ1982 ዓ.ም. የፖሊሲ ለውጥ በኋላ ብዙ መንደሮች ቢበተኑም፣ በድርቅና በመፈናቀል ምክንያት በተለካ ቦታ ላይ ቤት የሚሠራ ቤተሰብ ዛሬም አለ። ስለዚህ ያ ልምድ ሊጠና ይገባል።

ቦታው 25 ሜትር ወርድና 40 ሜትር ርዝመት ቢኖረው፣ ለዓይን ሰፊ ይመስላል። ነገር ግን ቤት፣ ማድ ቤት፣ ጎተራ፣ በረት፣ መጸዳጃ፣ የውኃ ጉድጓድና የጓሮ አትክልት ሲገቡበት ይጠብባል። የተለመደው ስሕተት ቤቱን በመካከል ማቆም ነው። ወርዱ 8 ሜትር የሆነ ቤት በመካከል ቢቆም፣ በግራና በቀኝ 8 ሜትር ተኩል ብቻ የሆኑ ሁለት ቁራጭ ቦታዎች ይቀራሉ። ከአንዱ አጥር 2 ሜትር ብቻ ርቆ ቢሠራ ግን በሌላው ወገን 15 ሜትር ያልተቆራረጠ ጓሮ ይገኛል።

ሆኖም ይህ ጥቅም የሚገኘው ጎረቤቶች ከተስማሙ ነው። ሁሉም በአንድ ወገን ቢሠሩ በቤቶቹ መካከል 17 ሜትር ይኖራል። አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ አጥር ቢጠጋ ግን ርቀቱ 4 ሜትር ብቻ ስለሚሆን፣ በአንዱ የሣር ክዳን ላይ የተነሣ እሳት ወደ ሌላው በቀላሉ ይሻገራል።

የውኃው ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። የመጸዳጃ ጉድጓድ ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ ይመከራል። መጸዳጃው ከኋላ አጥር 3 ሜትር፣ የውኃው ጉድጓድ ከፊት አጥር 7 ሜትር ገባ ብለው ቢቆፈሩ ይህ ርቀት ይሟላል። ጎረቤት ግን መጸዳጃውን ወደ ፊት ካመጣ፣ የራሱ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱም ውኃ ይበከላል። መሬቱ ከኋላ ወደ ፊት የሚያዘቀዝቅ ከሆነ ደግሞ የውኃው ጉድጓድ በግቢ ውስጥ መቆፈሩ ቀርቶ፣ ከመንደሩ በላይ በጋራ ሊቆፈር ይገባል።

የቤቱ ቅርጽም ይታሰብበት። አግድመቱ 7 ሜትር የሆነ ክብ ጎጆ ወደ 38 ካሬ ሜትር ወለል ይሰጣል፤ ግድግዳው 22 ሜትር ነው። 5 በ8 ሜትር የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ቤት 40 ካሬ ሜትር ወለል ቢኖረውም 26 ሜትር ግድግዳ ይፈልጋል። ክቡ እንጨትና ጭቃ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ቤተሰቡ ሲበዛ ለመቀጠል አይመችም። ባለ አራት ማዕዘኑን 3 ሜትሩን ለመኝታ፣ 5 ሜትሩን ለእልፍኝ መክፈል፣ በኋላም በጎኑ መቀጠል ይቻላል።

ሮቤ 2,500 ሜትር ያህል፣ ጎባም ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላቸው ሌሊቱ ብርድ ነው። ምድጃውን ከቤት ማውጣት ጭሱን ሲያስቀር ሙቀቱንም ያስቀራል። ክዳኑ ቆርቆሮ ከሆነ ማድ ቤቱን ከመኝታው ጋር በአንድ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ማያያዝ ይበጃል፤ ጭሱ በውጭ ይቀራል፣ የግድግዳው ሙቀት ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ክዳኑ ሣር ከሆነ ግን ማድ ቤቱ ተለይቶ መሠራት አለበት።

እንግዲህ አንድ ምሰሶ ከመተከሉ አስቀድሞ ጎረቤቶች ችካልና ገመድ ይዘው፣ የየግቢውን ቤት፣ መጸዳጃና የውኃ ጉድጓድ በአንድነት ሊያመለክቱ ይገባል። ችካል ነቅሎ እንደገና መትከል የጥቂት ጊዜ ሥራ ነው፤ ያለቦታው የተቆፈረ ጉድጓድ ግን ለዘለቄታው የሁለት ቤተሰብ ጉዳት ይሆናል።