ሳይንስን በዓይን አይቶ በእጅ ሠርቶ ስለ መማር

የሳይንስ ትምህርት መሠረቱ አይቶ መጠየቅ፥ ሠርቶም መመርመር ነው። በቃል ብቻ የተያዘ ነገር ከፈተና ቀን በኋላ ይረሳል፤ ተማሪው በእጁ የሠራው ግን ዕድሜውን ሙሉ ይከተለዋል። ስለዚህ በሆሳዕና፥ በዱራሜና በሌሎቹም የሐድያና የከምባታ ከተሞች ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ወደ መንደር ወጥተው የተማሩትን ለታናናሾቻቸውና ለገበሬው በሥራ ቢያሳዩ ጥቅሙ ለሁለቱም ወገን ነው፤ የሚያስተምር ሰው ራሱ ዳግመኛ ይማራልና። ለዚህም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ሦስት ምሳሌ ከዚህ በታች ተጽፎአል።

1ኛ፤ ስለ ጥላ። አንድ ሜትር የሚሆን በትር በሜዳ ላይ ቀጥ ተደርጎ ይተከል። ተማሪዎቹ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት በየሩብ ሰዓቱ የጥላውን ጫፍ በችካል ያመልክቱ። በሚያዝያ ወር ከሁሉ ያጠረው ጥላ የሚታየው በ6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው እንጂ በ6 ሰዓት አይደለም፤ የአገራችን ሰዓት የሚቈጠረው ከሆሳዕና በስተ ምሥራቅ ባለው በ45ኛው የኬንትሮስ መስመር ነውና። ሚያዝያ 1 ቀን ገደማ ፀሐይ በቀትር በአናት ላይ ስለምትሆን ጥላው ይጠፋል። ከዚያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ፥ በቀሩት ወራት ወደ ሰሜን ይወድቃል። ይህም የሚሆነው ምድር ዘንበል ብላ ፀሐይን ስለምትዞር ነው።

2ኛ፤ ስለ ፈላ ውሃ። መጽሐፍ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። በሆሳዕና ግን ቴርሞሜትር በሚፈላ ውሃ ውስጥ ቢገባ 93 ያህል ያሳያል። ተማሪው የተሳሳተ መስሎት 100 ብሎ እንዳይጽፍ መምህሩ ይጠንቀቅ፤ ያዩትን መጻፍ የሳይንስ የመጀመሪያ ሕግ ነውና። የመጽሐፉ ቃል በባሕር ጠረፍ ላለ አገር እውነት ነው። ሆሳዕና ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል በውሃው ላይ የሚጫነው አየር ያነሰ ነው፤ ስለዚህም ውሃው ባነሰ ሙቀት ይፈላል። ባቄላ በደጋ ዘግይቶ የሚበስለው ከዚህ የተነሣ ነው።

3ኛ፤ ስለ እንሰት በሽታ። እንሰትን የሚያጠወልገው በሽታ በባክቴሪያ የሚመጣ መሆኑን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ሊቃውንት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. ገልጸዋል። የታመመው ተክል ቅጠሉ ይጠወልጋል፥ ሲቈረጥም ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል። በሽታው በታመመው ተክል ላይ በዋለ ቢላዋ ወደ ጤነኛው ይተላለፋል። እንሰት ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈጃልና ባልጸዳ ቢላዋ የአንድ ቤተ ሰብ የብዙ ዓመት ድካም ሊጠፋ ይችላል። ይህን ለማስረዳት ተማሪው ቢላዋውን በቀይ ቀለም ነክሮ 10 የጎመን አገዳ በተራ ይቍረጥ፤ ቀለሙ ስንቱ ላይ እንደ ደረሰ ልጆቹ ይቍጠሩ። ዓይን የማያየው ባክቴሪያ ግን ቀለሙ ከጠፋ በኋላም ሊቀር እንደሚችል ይነገራቸው። ከዚያም ቢላዋን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሄድ በፊት በእሳት ማጋል እንደሚገባ ይታይ። ለማሳያ ተብሎ የታመመ ተክል ከጓሮ ወደ ጓሮ ከቶ አይወሰድ።

ታላቅ ግኝት ከመንደር ሥራ ሊነሣ እንደሚችል የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ ያስረዳል። እርሳቸው በ1964 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቈጣጠር በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ብዙ ሰው ያየውን እርሳቸው ጠየቁ፥ መረመሩም፤ እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ተረዱ።

ስለዚህ መምህሩ መልሱን አስቀድሞ አይንገር፤ ልጁ ገምቶ፥ ሠርቶ፥ ግምቱንና ያየውን ያስተያይ። ሽማግሌዎችም ጓሮአቸውን ለልጆቹ ይክፈቱ። እንሰት የሚፍቁ እናቶች ቆጮ በጕድጓድ ውስጥ እንዴት እንደሚብላላ ያውቃሉና፥ ልጆቹ ለማስተማር ብቻ ሳይሆን ከእነርሱ ለመማርም ይሂዱ።

ጥያቄ።
1. በመንደራችሁ ውሃ በስንት ዲግሪ ፈላ? ስለ ምን?
2. በሰኔ ወር የቀትር ጥላ ወደ ወዴት ይወድቃል?
3. ቢላዋ ሳይጸዳ ከታመመ እንሰት ወደ ጤነኛው ቢሄድ ምን ይሆናል?