ስለ መንፈስ መዛልና ስለ ፈጠራ ሥራ

ግጥም መጻፍ፤ ሥዕል መሣል፤ ዜማ ማውጣት ወይም ቴአትር ማዘጋጀት የሚወድ ተማሪ በየትምህርት ቤቱ አለ። እንዲህ ያለው ተማሪ አንድ ቀን ብዕሩን ወይም ቡርሹን ጥሎ ሲቀመጥ ጓደኞቹ «ሰነፈ» ይሉታል፤ ወላጆቹ «ድሮስ ጨዋታ ነበር» ይላሉ፤ እርሱ ራሱም «ተሰጥዎዬ ጠፋ» ብሎ ይደመድማል። ከነዚህ ፍርዶች አብዛኛውን ጊዜ አንዱም እውነት አይደለም። የደረሰበት ነገር የመንፈስ መዛል ነው። የዚህም አጭር ጽሑፍ ዓላማ የመንፈስ መዛል ምን እንደ ሆነ፤ ከምን እንደሚመጣና እንዴት እንደሚታለፍ ማስረዳት ነው። ነገሩ በቀላል የሚታይ አይደለም፤ ማረፍ የሚገባው ሰው ድካሙን የችሎታ ማለቅ አድርጎ ከቈጠረው ሥራውን ለዘለዓለም ይተወዋልና።

1ኛ፤ የመንፈስ መዛል ምንድን ነው?

ሥጋ እንደሚደክም ሁሉ መንፈስም ይደክማል። ይሁን እንጂ የሥጋ ድካም አንድ ሌሊት ደኅና አድርገው ሲተኙ ይለቃል፤ የመንፈስ መዛል ግን ለብዙ ሳምንት፤ አንዳንድ ጊዜም ለብዙ ወራት ይቈያል። ይህን ነገር አጥንተው ካስታወቁት ሰዎች አንዱ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው የሥነ ልቡና ሊቅ ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ነው፤ እርሱም በ1974 ስለዚሁ ጽሑፍ አውጥቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ሦስት ምልክቶችን ዘርዝሯል። እነርሱም የኃይል ማለቅ፤ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፤ ሦስተኛም ሥራው እንደ ቀድሞው አለመሳካቱ ናቸው። ድርጅቱ ይህን ነገር በሽታ አላለውም፤ መላ ሳይገኝለት ከቈየ የሥራ ጭንቀት የሚመጣ ሁኔታ ነው ብሎታል። ምንም እንኳ የተነገረው ስለ መሥሪያ ቤት ሥራ ቢሆን፤ በፈጠራ ሥራ የሚደክም ሰውም እነዚህን ምልክቶች ያውቃቸዋል።

እንግዲህ ስንፍናንና መዛልን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ሰነፍ ሰው ሥራው ቢቀር አይቈጨውም። የዛለ ሰው ግን መሥራት እየፈለገ እጁ አልታዘዝ ይለዋል፤ ባለመሥራቱም ሌት ተቀን ያዝናል።

2ኛ፤ ከምን ይመጣል?

የመጀመሪያው ምክንያት መጠን ማጣት ነው። የክራር ጅማት ከልክ በላይ ሲከር ይበጠሳል፤ ከልክ በላይ ሲላላም ዜማ አይሰጥም። ለትምህርት ቤቱ በዓል ግጥም፤ ለክበቡ ቴአትር፤ ለጓደኛው ሥዕል ሲጠየቅ ለሁሉም «እሺ» የሚል ልጅ፤ በላዩ ላይ የፈተና ጥናት ሲጨመርበት ዕዳውን ከእንቅልፉ እየቀነሰ መክፈል ይጀምራል።

ሁለተኛው ምክንያት ሳይሞሉ መቅዳት ነው። ውኃ የማይጨመርበት እንስራ እየተቀዳ ባዶ ይቀራል። መጽሐፍ ሳያነብ፤ ሰው ሳያዳምጥ፤ አካባቢውን ሳያይ ዘወትር የሚጽፍ ሰውም የሚጽፈው ያልቅበታል።

ሦስተኛው ምክንያት ሥራንና ራስን አንድ አድርጎ መቍጠር ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሥራው ሲነቀፍ እርሱ ራሱ የተነቀፈ ይመስለዋል። በዛሬ ጊዜ ደግሞ ገና ያልበሰለ ሥራ በስልክ አማካይነት በአንድ ምሽት ለብዙ ሰው ስለሚታይ ይህ ፈተና በርትቷል።

3ኛ፤ የአንድ የሙዚቃ ሊቅ ታሪክ

ለዚህ ሁሉ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የሩስያው የሙዚቃ ደራሲ ሰርጌይ ራኽማኒኖቭ ነው። በ1873 ተወለደ፤ በ1892ም ከሞስኮ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በወርቅ ሜዳልያ ተመረቀ። ብዙ የደከመበት የመጀመሪያው ሲምፎኒው በ1897 በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ሲሰማ ግን አልተሳካለትም። ሴዛር ኪዊ የተባለው ሐያሲም በጋዜጣ ክፉኛ ነቀፈው። ገና 24 ዓመት ያልሞላው ወጣት ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል ይህ ነው የሚባል ድርሰት ሳይጽፍ ቀረ።

በነዚያ ዓመቶች ግን ከሙዚቃ ፈጽሞ አልራቀም። በሞስኮ በአንድ የግል ኦፔራ ቤት የሙዚቃ መሪ ሆኖ ይሠራ ነበር። በ1900 መጀመሪያ ላይም ወደ ዶክተር ኒኮላይ ዳል ዘንድ ሄዶ ለጥቂት ወራት ታከመ። ሐኪሙ ራሱ ሙዚቃ ወዳድ ነበር። በዚያው ዓመት ራኽማኒኖቭ ሁለተኛውን የፒያኖ ኮንሰርቶ መጻፍ ያዘ። አስቀድሞ የጨረሰው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ክፍል ሲሆን፤ እነርሱ በታኅሣሥ 1900 ተሰሙ። የመጀመሪያው ክፍል ኋላ ተጨምሮ በ1901 ሙሉው ቀረበ፤ ፒያኖውን የመታውም ራሱ ነበር። ድርሰቱንም መታሰቢያነቱን ለሐኪሙ አደረገው። ዛሬ ይህ ኮንሰርቶ በዓለም እጅግ ከሚወደዱት አንዱ ነው። ያ የተነቀፈው ሲምፎኒ እንኳ ደራሲው በ1943 ከሞተ በኋላ፤ በ1945 በሞስኮ እንደገና ተሰምቷል።

4ኛ፤ መላው ምንድን ነው?

ከዚህ ታሪክ አራት ነገር እንማራለን። አንደኛ፤ የአንድ ምሽት ፍርድ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ሁለተኛ፤ አዲስ ነገር መፍጠር ሲያቅት ከሙያው ሳይርቁ ቀለል ያለ ሥራ መሥራት ይቻላል፤ ገጣሚው የሌላውን ግጥም ያንብብ፤ ሠዓሊው ቀለሙን ያሰናዳ። ሦስተኛ፤ ሥራን ሁልጊዜ ከመጀመሪያው መጀመር ግዴታ አይደለም፤ መሐሉ ከቀለለ ከመሐል ይጀመራል። አራተኛ፤ ርዳታ መጠየቅ ነውር አይደለም። እንቅልፍና ምግብ የራቀው፤ ተስፋም የቈረጠ ሰው ለወላጁ፤ ለመምህሩና ለሐኪም ሳይውል ሳያድር ይንገር።

ሥራን በመጠን መያዝ ለአገራችንም እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቅኔ ትምህርት ቤት ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ጀማሪ ተማሪ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ቍጠር አይባልም። ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ቀጥሎ ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እንዲህ እያለ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ቅኔውን ሲቈጥር ከጫጫታ ርቆ ብቻውን ይቀመጣል፤ የቈጠረውን ግን ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል። ስለዚህ ሸክሙ ለአቅሙ የተመጠነ ነው፤ ጸጥታም፤ አራሚም አለው። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት በዚህ ይፈጸማል።

ወላጆችና መምህራንም ድርሻ አላቸው። ልጁ ዝም ሲል «ለምን አትሠራም?» ከማለት በፊት «ስንት ሰዓት ትተኛለህ? ምን ከበደህ?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል። ሥራውን ሲያርሙም ጕድለቱን ብቻ ሳይሆን የተሳካውንም ያሳዩት፤ ጕድለቱን ብቻ የሰማ ልጅ ከየት እንደሚነሣ አያውቅምና።

እናንተም ውድ ጓደኞቼ፤ የደከመች እጅ የሞተች እጅ አይደለችም። ስትዝሉ ዕረፉ፤ ነገር ግን ብዕራችሁን አትስበሩት፤ ቡርሻችሁንም ለሌላ አትስጡት። ኃይላችሁ ሲመለስ በሁለት ስንኝ፤ በአንድ ትንሽ ሥዕል ጀምሩ።