መልስ ያጣ ደብዳቤ

በአዲስ አበባ በአራዳ እሪ በከንቱ የሚባል ሰፈር አለ። እሪ ማለት «ድረሱልኝ» ብሎ መጮኽ ነው፤ በከንቱ ማለትም ያለ ጥቅም ማለት ነው። በዱሮ ዘመን በዚያ ስፍራ ወንበዴ የያዘው ሰው ቢጮኽ የሚደርስለት አልነበረም ሲሉ ሽማግሌዎች ያወራሉ። ልጆች ሆይ፥ ሰው የሚጮኸው በአፉ ብቻ አይደለም፤ በወረቀትም ይጮኻል። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ከሩቅ የሚጣራ ሰው ነውና፥ መልስ ያጣ እንደ ሆነ እሪታው በከንቱ ይቀራል።

የነገሥታት ደብዳቤ እንዴት ይጻፍ እንደ ነበረ አስቀድመን እንወቅ። በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት የንጉሥን ቃል የሚጽፈው ሹም ጸሐፌ ትእዛዝ ይባል ነበር። ንጉሡ በቃላቸው ይናገራሉ፤ ጸሐፊውም በብርዕ ይጽፋል። ደብዳቤው ብዙ ጊዜ በእግዚአብሔር ስም ይጀመራል። ቀጥሎ የላኪው ስምና ማዕርግ፥ «ይድረስ» ተብሎም የተቀባዩ ስም ይመጣል። ከዚያም የጤና ሰላምታ ይጻፋል፤ ዋናው ነገር የሚነገረው ከሰላምታው በኋላ ነው። የዱሮ ነገሥታት በፊርማ ፈንታ ማኅተማቸውን ከጽሕፈቱ በላይ ያትሙ ነበር። በቻይና አገርም በቺንግ ነገሥታት ዘመን ሹማምንት ወደ ንጉሣቸው በጻፉ ጊዜ፥ ንጉሡ በዚያው ወረቀት ላይ በቀይ ቀለም መልስ ጽፈው ይመልሱላቸው ነበር። ስለዚህ ጥያቄና መልስ በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ይኖሩ ነበር።

አሁን መልስ ስላጣው ደብዳቤ እንናገር። በ1855 ዓመተ ምሕረት ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ እንግሊዝ ንግሥት ወደ ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ወዳጅነትን ፈለጉ፤ መልእክተኞቻቸውም በደኅና ያልፉ ዘንድ ንግሥቲቱ መንገድ እንዲያስከፍቱላቸው ለመኑ። ደብዳቤውንም ለእንግሊዙ ቆንስል ለካሜሮን ሰጡ። ደብዳቤው በዚያው ዓመት ሎንዶን ደረሰ፤ ነገር ግን በመሥሪያ ቤት ተቀመጠ እንጂ መልስ አላገኘም። ካሜሮንም መልስ ሳይዝ ወደ ንጉሡ ተመለሰ። ንጉሡ ስለ ሌላም ነገር ቅር ብሏቸው ነበርና፥ ይህ ሲጨመርበት እንደ ተናቁ ቈጠሩት። በ1856 ዓመተ ምሕረት ካሜሮን ታሰረ፤ ሌሎችም አውሮፓውያን ታሰሩ።

የንግሥቲቱ መልስ የመጣው ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ በ1858 ዓመተ ምሕረት ነው፤ ያመጣውም ራሳም የሚባል መልእክተኛ ነበረ። ንጉሡ ተደሰቱ፤ እስረኞቹንም ፈቱ። ዳሩ ግን ጥርጣሬ አንድ ጊዜ ከበቀለ በቶሎ አይነቀልም። ጥቂት ቆይተው መልሰው አሰሯቸው፤ ራሳምንም ጨመሩ።

ያን ጊዜ ዮሐን ማርቲን ፍላድ የሚባል ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ በኢትዮጵያ ነበረ። ንጉሡ የእጅ ጥበብ ያላቸውን ሠራተኞች ለመጠየቅ በ1858 ወደ እንግሊዝ ላኩት፤ ሚስቱና ልጆቹ ግን በንጉሡ እጅ ቀሩ። ፍላድ ደብዳቤውን አደረሰ። መልሱ ንጉሡን ደስ የሚያሰኝ አልነበረም፤ አስቀድመው እስረኞቹን እንዲፈቱ የሚጠይቅ ነበረ። ሆኖም ፍላድ መልሱን ይዞ በ1859 ተመለሰ። በኋላም ወደ አገሩ ከገባ ጊዜ ጀምሮ ያየውን በጀርመንኛ ጽፎ አሳተመ።

ከዚህ በኋላ የደብዳቤ ዘመን አለፈ፤ የመድፍ ዘመን መጣ። ጄኔራል ናፒየር ጦር ይዞ ከሕንድ መጣ። እስረኞቹ ተፈቱ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ግን እጄን አልሰጥም ብለው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓመተ ምሕረት በመቅደላ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጃቸው ዐለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ፤ እናቱም በመንገድ ሞተች። እርሱም አገሩን ሳያይ በ1872 ዓመተ ምሕረት በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በዚያው አረፈ።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ሁለት ጥፋትና አንድ መልካም ሥራ እንማራለን። መጀመሪያው ጥፋት ዝምታ ነው፤ ጥቂት መስመር ለመጻፍ የሰነፈ ብዙ ደም ያስፈስሳል። ሁለተኛው ጥፋት ቍጣ ነው፤ ንጉሡ ካሰሯቸው ሰዎች ደብዳቤውን ያስቀመጠው አንድም አልነበረም። መልካሙ ሥራ ግን የፍላድ ነው፤ መልሱ መራራ መሆኑን እያወቀ ቃሉን ጠብቆ ተመለሰ።

እናንተም ማንበብ ተምራችኋል። ፊደል ያልቆጠረች ጎረቤት ደብዳቤ ይዛ ብትመጣ፥ እናንተ ለእርሷ ጸሐፌ ትእዛዝ ናችሁ። ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ አንብቡላት፤ መልሱንም ዛሬውኑ ጻፉላት። ከሩቅ የሚጣራ ሰው እሪታው በከንቱ አይቅር።

ጥያቄ።
1. ጸሐፌ ትእዛዝ ማን ነው?
2. ካሜሮን ስለ ምን ታሰረ?
3. ፍላድ ሳይመለስ ቢቀር ኖሮ በማን ላይ መከራ ይደርስ ነበር?
4. መልስ ሳትሰጡት የቀራችሁት ሰው አለን?