ያሠለጠንኩት ልጅ ጥሎኝ ይሄዳል

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ አነስተኛ የበርና መስኮት ብየዳ ቤት አለኝ። ተለማማጅ ሙያውን ሲይዝ ጥሎኝ ይሄዳል። ማሠልጠኑን ልተወው?

መልስ፦ እባክዎ አይተዉት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ የባቡሩ ጥገና ክፍል ለከተማዋ ስንቱን መካኒክና ብረት ሠራተኛ አፍርቷል፤ ሙያ እዚህ ሲወረስ የኖረው በእጅ ነው።

ልጁን የሚያስኮበልለው ብዙ ጊዜ እጁ እየበሰለ ክፍያው ባለበት መቅረቱ ይመስለኛል። ስለዚህ ጭማሪውን ከሥራው ጋር ያያይዙት። አርባ በአርባ ቱቦላሬ በ45 ዲግሪ ቆርጦ፣ ነካ ነካ አድርጎ ካያያዘ በኋላ በስኳድራ አይቶ፣ ማዕዘኑ ሳይጣመም በይዶ ከጨረሰ፣ ያን ቀን ይጨመርለት። ይህንንም አስቀድመው ይንገሩት።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የሥልጠናው ዓይነት፣ ጊዜው፣ ክፍያውና የሥራው ሁኔታ ይስፈርበት። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር አይቻልም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም በትብብር ሥልጠና ተማሪ ይልካሉና ጠጋ ብለው ይጠይቁ። ለሙያ ብቃት ምዘና ሲደርስ ራስዎ ያስፈትኑት፤ የደከመለትን ጌታ የሚረሳ ጥቂት ነው።

የብየዳ መነጽር ግን ከመጀመሪያው ቀን ይግዙለት። ያለ እሱ የበየደ ልጅ፣ ዓይኑ አሸዋ እንደገባበት ሲያቃጥለው ያድራል።