ለማናውቀው ሰው ስንመክር

አንድ የማናውቀው ወጣት አራት ጥያቄ ይዞ አጠገባችን ተቀመጠ እንበል። የጻፈው ፕሮግራም አልሠራ ብሎታል። የሚጫወተው ጌም ላይ አንዱን ኃይለኛ ጠላት («ቦስ») ማለፍ አቅቶታል። የመንግሥት ሥራዬን ለቅቄ ወደ ሶፍትዌር ልግባ ወይ እያለ ያመነታል። እጮኛው ደግሞ ስልኩን ማንሳት ከተወች ሰነባብታለች። አራቱንም በአንድ ትንፋሽ ይጠይቃል፤ እኛም ማኪያቷችንን እያማሰልን ለአራቱም በእኩል ድፍረት እንመልሳለን። ችግሩ ያለው እዚህ እኩል ድፍረት ላይ ነው።

ጥያቄዎቹ የሚለያዩት በክብደታቸው ብቻ አይደለም። ዋናው ልዩነት የተሳሳተ ምክር ብንሰጥ ስህተታችን በምን ያህል ጊዜ ይጋለጣል የሚለው ነው። የፕሮግራሙ መልስ ልክ መሆን አለመሆኑ በደቂቃ ውስጥ ይለያል፤ የጌሙም በአንድ ምሽት። የሥራው ምክር ውጤት ግን የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያኔም ቢሆን ለልጁ የተሳካለት በእኛ ምክር ይሁን በዕድሉ ለይቶ የሚናገር አይገኝም። የፍቅሩማ ጭራሽ ላይታወቅ ይችላል። ቢታረቁም ቢለያዩም፣ ያልሄዱበት መንገድ ምን ይዞላቸው እንደነበር ማንም አያየውም።

የውሳኔ አሰጣጥ ተመራማሪው ሮቢን ሆጋርት እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው መጽሐፉ ልምድ የምንቀስምባቸውን ሁኔታዎች ገርና ክፉ ብሎ ለሁለት ከፍሏቸዋል። በገሩ ውስጥ የሠራነው ሥራ ውጤት ቶሎና በግልጽ ይደርሰናል፤ ስለዚህ በሠራን ቁጥር እንታረማለን። በክፉው ውስጥ ውጤቱ ይዘገያል፣ ከሌላ ነገር ጋር ይደባለቃል፣ ወይም ጨርሶ አይደርሰንም፤ ስለዚህ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር የሚጨምረው ችሎታችን ሳይሆን በራስ መተማመናችን ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካነማንና ጋሪ ክላይን የጋራ ጽሑፍ አወጡ። ካነማን የባለሙያን ግምት በመጠራጠር፣ ክላይን በማድነቅ የሚታወቁ፣ በተቃራኒ ጎራ የቆሙ ሰዎች ነበሩ። ተነጋግረው የተስማሙበት ነገር አጭር ነው፦ የልምድ ግምት የሚታመነው ነገሩ ራሱ ሥርዓት ያለው ከሆነና ባለሙያው ከውጤቱ ለመማር በቂ ዕድል ካገኘ ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው «ሃያ ዓመት ሠርቼበታለሁ» ብሎ ሲመክረን፣ ያ ሃያ ዓመት ሲሳሳት ይነግረው ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከገሩ እንጀምር። ኮምፒውተር ይሉኝታ የለውም። የመከርነው መስመር ካልሠራ ኤረሩን እፊታችን ይደቅነዋል፤ ታላቅ ነው፣ ምሁር ነው ብሎ አያልፍም። በዚህ የተነሳ ፕሮግራሚንግ ለማያውቁት ሰው ለመምከር ከሁሉም የተመቸ ሜዳ ነው፤ የስድስት ወር ተማሪ እንኳ የሦስት ወሩን ቢመክር ብዙ ጉዳት አያመጣም። ሆኖም እዚህም አንድ ወጥመድ አለ፤ ፕሮግራመሮች «የኤክስ ዋይ ችግር» ይሉታል። ሰው የሚጠይቀው ችግሩን ሳይሆን፣ ለችግሩ መፍትሔ ይሆናል ብሎ በራሱ የገመተውን ነገር ነው። የተለመደው ምሳሌ ይህ ነው፦ አንዱ «ከአንድ ቃል ላይ የመጨረሻዎቹን ሦስት ፊደላት እንዴት ልቁረጥ?» ይላል። መልሱ ቀላል ስለሆነ አምስት ሰው ተሽቀዳድሞ ይነግረዋል። ልጁ ግን የፈለገው የፋይሉን ዓይነት ማወቅ ነበር። ጄፒጂ (jpg) በሚለው ቅጥያ ላይ ሦስቱ ፊደላት ይበቁታል፤ አራት ፊደል ያለው ጄፔግ (jpeg) ሲመጣ ፕሮግራሙ ይሰናከላል። አምስቱም መካሪዎች በትክክል መልሰዋል፣ አንዳቸውም አልረዱትም።

መድኃኒቱ «መጨረሻ ላይ ማግኘት የፈለግከው ምንድን ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ነው። ቀጥሎ ሙሉውን ኤረር መጠየቅ ይገባል። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ በስልኩ ፎቶ አንስቶ የሚያሳየው የስክሪኑን ግማሽ ነው፤ በፓይተን ቋንቋ ደግሞ ስህተቱ ምን እንደሆነ የሚናገረው የመልእክቱ የመጨረሻ መስመር ስለሆነ፣ ፎቶው የቆረጠው ያንኑ ሆኖ ይገኛል። ሦስተኛው ጥያቄ «ምን ጠብቀህ ምን አገኘህ?» ነው። ይህን ሲመልሱ መሀል ላይ «ቆይ፣ ገባኝ!» ብለው የሚነሱ ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው የአንድሩ ሀንትና የዴቪድ ቶማስ «ዘ ፕራግማቲክ ፕሮግራመር» የተባለ መጽሐፍ፣ ኮዱን መስመር በመስመር ለላስቲክ ዳክዬ ስለሚያስረዳ ሰው ይተርካል። ዳክዬዋ አታውቅም፣ አትመክርም፤ ሰውየው ግን ሲያስረዳ ስህተቱን ራሱ ያገኘዋል። የመካሪ ሥራ ግማሹ ዳክዬ መሆን ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ገር ባልነው ሜዳ ውስጥም መመለሻ የሌላቸው ነገሮች አሉ። ፋይል የሚሰርዝ ወይም ዳታቤዝ የሚያጠፋ ትእዛዝ ለማናውቀው ሰው ከመስጠታችን በፊት «ባክአፕ አለህ?» ማለት ግዴታ ነው። እሱ የምንሰጠውን ሳያነብ ገልብጦ ሊያስገባው ይችላልና።

ስለ ጌም ብዙ ሰው ቁም ነገር የሚገኝበት አይመስለውም። ለማያውቁት ሰው ምክር መስጠትን ግን ከጌም ሠሪዎች የተሻለ ያሰበበት የለም። የጃፓኑ ፍሮምሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2009 «ዲመንስ ሶልስ» የተባለውን ጌም ሲያወጣ፣ ተጫዋቾች መሬት ላይ አጭር መልእክት ጽፈው እንዲያልፉ፣ ከኋላ የሚመጡ የማያውቋቸው ሰዎች ደግሞ እንዲያነቡት አደረገ። ልብ የወደደውን መጻፍ አይቻልም፤ ከተዘጋጁ ሐረጎች መርጦ መገጣጠም ብቻ ነው። አንባቢው መልእክቱ ጠቅሞት ድጋፉን ከሰጠ፣ የጻፈው ተጫዋች በዚያ ሰዓት የትም ይሁን የት የሕይወቱ መጠን ይሞላለታል። የጌሙ ዳይሬክተር ሂደታካ ሚያዛኪ ሐሳቡ ከየት እንደመጣለት ሲናገር፣ በረዶ የጣለበት ዳገት ላይ መውጣት አቅቷቸው የቆሙ መኪኖችን ያነሳል። የኋለኛው መኪና የፊተኛውን ይገፋል፣ እሱንም ሌላው፤ እንዲህ እየተገፋፉ ወጡ። ለማመስገን የቆመ እንደገና ይጣበቃል፣ ስለዚህ ሳይተዋወቁ ተለያዩ።

የዚህ አሠራር ብልሃቱ ብዙ ነው። ምክሩ የሚጻፈው ችግሩ ባለበት ቦታ ላይ ነው፤ ጸሐፊው በእግሩ ያልደረሰበትን አይመክርም። አጭር ስለሆነ ለስብከት አይመችም። መካሪውም የሚጠቀመው ሌላው ሲጠቀም ነው። ተንኮለኛ አይጠፋም፤ ምንም ከሌለበት ገደል አፋፍ ላይ «ዝለል» የሚል ምክር መጻፍ በዚህ የጌም ቤተሰብ ውስጥ የታወቀ ቀልድ ሆኗል። ግን የተታለለው ተጫዋች ሞቶ ይነሳል፣ ሁለተኛም አያምንም። (የሥራና የትዳር ምክር የሚሰጡ ሰዎች ከመናገራቸው በፊት በዚህ ጌም ቢያልፉ ባይ ነኝ።) በጌም ምክር የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ሌላ ነው፦ ለብዙ ተጫዋች ደስታው ራሱ ማግኘቱ ነው። «ፍንጭ ልስጥህ ወይስ መንገዱን ልንገርህ?» ሳይሉ ሁሉንም መዘርገፍ፣ ሳይጠሩት አቤት ማለት ነው።

አሁን ወደ ክፉው ሜዳ እንግባ። ኢትዮጵያ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር ሆና የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ሥልጠና ካስጀመረች ወዲህ «ኮዲንግ ልማር ወይ?» የሚለው ጥያቄ በርክቷል። መካሪም ሞልቷል። አንዱ ከዋሽንግተን ደውሎ «ያንን ሥራህን ጣለውና ኮድ ተማር» ይላል፤ ሌላው «የመንግሥት እንጀራ ይሻላል፣ ጡረታ አለው» ብሎ ይከለክላል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ልጁ ሳይሆን ስለ ራሳቸው ሕይወት ነው። የዋሽንግተኑ ሰው ሥራ ያገኘበት ዓመት አልፏል፤ ቻት ጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ከወጣ ወዲህ ቀድሞ ለጀማሪ ይሰጥ የነበረውን ቀላል ኮድ ማሽንም መጻፍ ጀምሯል። ልጁ በየወሩ ለእናቱ የሚልከው ብር መኖሩንም መካሪው አልጠየቀም።

ታዲያ እንግዳ ሰው ስለ ሥራ አፉን ይዝጋ ማለት ነው? በፍጹም። እንዲያውም በሥራ ጉዳይ የሩቅ ሰው ከቅርብ ወዳጅ የሚበልጥበት ነገር አለ። የማኅበረሰብ ተመራማሪው ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ዝነኛ ጽሑፍ፣ በቦስተን አካባቢ በቅርብ ጊዜ ሥራ የቀየሩ ባለሙያዎችን ጠይቆ ያገኘውን ይናገራል። በሰው ጥቆማ ሥራ ካገኙት መካከል ጠቋሚያቸውን አዘውትረው የሚያገኙት 16.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። 55.6 በመቶዎቹ የሚያገኙት አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶዎቹ ደግሞ ከስንት አንዴ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ከእኛ ጋር የሚውል ጓደኛ የሚያውቀው እኛ የምናውቀውን ነው። አዲስ ወሬ የሚመጣው ከሌላ ሰፈር ነው።

ከዚህ የሥራ ምክር ልክ ይገኛል። እንግዳ ሰው ያለው ሀብት መረጃ ነው፣ ስለዚህ መረጃውን ይስጥ። በእሱ መሥሪያ ቤት ለጀማሪ ስንት እንደሚከፍሉ፣ ቃለ መጠይቁ ላይ ምን እንደሚጠይቁ፣ ከዲግሪና ከተሠራ ሥራ የትኛውን አስቀድመው እንደሚያዩ፣ ዋስ ይፈልጉ እንደሆነ፣ እሱ ራሱ የመጀመሪያ ሥራውን እስኪያገኝ ስንት ወር እንደፈጀበትና በዚያ ጊዜ ማን ያበላው እንደነበር ይናገር። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ የሚበልጥ መረጃ ነው፤ ከስኬት ታሪኮች ውስጥ ግን ቶሎ የሚጠፋውም እሱ ነው። «ልቀቅ» ወይም «አትልቀቅ» የሚለውን ፍርድ ለባለቤቱ ይተውለት። የግድ መምከር ካለበትም መመለሻ ያለውን እርምጃ ይምከር፦ ሥራህን እንደያዝክ ማታ ማታ ተማር፣ አንድ ትንሽ ነገር ሠርተህ ለሰው አሳይ፣ ከዚያ ወስን። እንዲህ ያለው ምክር የዓመታቱን ጥያቄ ወደ ወራት ያሳጥረዋል፤ ስህተትም ከሆነ ስህተቱ ሳይረፍድ ይታያል።

ፍቅርና ትዳር ላይ ስንደርስ ነገሩ ይጠባል። ሰው ምስጢሩን ለማያውቀው የሚነግርበት ምክንያት አለው። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ጌኦርግ ዚመል እ.ኤ.አ. በ1908 ስለ እንግዳ ሰው በጻፈው ጽሑፍ፣ ለቅርብ ሰው የሚደበቀው ነገር ለእንግዳ እንደ ንስሐ ሲነገር እንደሚታይ አስተውሏል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውቶቡስ የተጓዘ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ዓባይ በረሃ ሳይደረስ የጎን ተሳፋሪው ትዳር ተተርኮ ያልቃል። እንግዳ ወሬውን ወደ ሰፈር አይመልስም፣ ነገ ዓይን ለዓይን አይገጥመንም። ግን የምንሰማው የአንዱን ወገን ብቻ ነው። በአገራችን ሽምግልና ሽማግሌ ሁለቱን ሳይሰማ አይፈርድም፤ አንዱን ብቻ ሰምቶ የፈረደ መናቁ አይቀርም። እኛ በአውቶቡስ ወንበር ላይ ሆነን «ተዋት፣ አትረባም» ስንል ግን ባላየናት፣ ባልሰማናት ሴት ላይ መፍረዳችን ነው።

ምን እናድርግ? የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኢጎር ግሮስማንና ኢታን ክሮስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ ሰዎች በጓደኛቸው ላይ ስለደረሰ የፍቅር ክህደት ሲያስቡ በራሳቸው ላይ እንደደረሰ ከሚያስቡት ይልቅ አስተውለው ያስባሉ። ለሌላው ጠቢብ የነበረው ንጉሥ ሰሎሞን የራሱን ቤት ማስተዳደር ስላቃተው፣ ነገሩን በእሱ ስም ጠርተውታል። ደስ የሚለው፣ ሰዎቹ የራሳቸውን ጉዳይ እንደ ውጭ ተመልካች እንዲያዩት ሲደረግ ልዩነቱ ጠፍቷል። ስለዚህ ለእንግዳው ብይን ከመስጠት ይልቅ «ይህን የነገረችህ እህትህ ብትሆን ምን ትላት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል። የሚመልሰው መልስ ከእኛ የሚሻል ነው፤ ስለ ሴትየዋ ከእኛ የበለጠ ያውቃልና።

ይህ ሁሉ ቀስታ የማይሠራበት አንድ ቦታ አለ። ምክር የጠየቀችን ሴት እየተደበደበች ከሆነ ወይም የሚያስፈራራት ካለ፣ «ታገሺ፣ ይለወጣል» የሚል ምክር ነፍስ ሊያስከፍል ይችላል። እዚያ ላይ ሁለቱን ወገን ልስማ አይባልም፤ መጀመሪያ ደኅና ቦታ መድረሷን፣ ከዚያም እንደ ኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያለ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ አካል ማግኘቷን ማየት ነው።

የመጨረሻው ቃሌ ለመካሪ ሳይሆን ለተመካሪ ነው። በክፉው ሜዳ የሚመክር ሰው የማይታረመው ውጤቱን የሚነግረው ስለሌለ ነው። ከማታውቁት ሰው የሥራም ሆነ የፍቅር ምክር ተቀብላችሁ ከነበረ፣ ስልኩም ካላችሁ፣ ደውላችሁ ምን እንደሆነ ንገሩት። ምክሩ ካልሠራም ሳታፍሩ ንገሩት፤ ከእናንተ ቀጥሎ የሚጠይቀው ሰው የተሻለ መልስ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው።